መጨረሻ ያጨሱት መቼ ነው? ካናቢስ በማስታወስና በሽልማት ስሜት ላይ የሚያደርሰውን ማጥናት

ካናቢስ በማስታወስ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የተነሳ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማሽን ስላነሰው ወይም ስሌት ስለከበደው አይደለም። ተሳታፊው ለመጨረሻ ጊዜ ያጨሰው መቼ እንደሆነ በትክክል ስላልታወቀ ነው። ትናንት ማታ ያጨሰ፣ ከሦስት ቀን በፊት ያጨሰና ከወር በፊት ያቆመ በአንድ ሰንጠረዥ «ተጠቃሚ» ተብለው ሲደመሩ የሚወጣው ቁጥር የአንዳቸውንም አንጎል አይገልጽም። ይህን የጻፍነው በዘርፉ ጥናት ለሚጀምሩ፣ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ለሚገቡ ተማሪዎችና አማርኛ ተናጋሪዎችን በጥናታቸው ለሚያካትቱ ባለሙያዎች ነው።

ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። አንደኛው ዕፁ በደም ውስጥ እየሠራ፣ ሰውየው ገና እንደ መረቀነ፣ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ ያው ሰው አንድ ቀን ቲኤችሲ (የካናቢስ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር)፣ ሌላ ቀን ቲኤችሲ የሌለበት ማስመሰያ ተሰጥቶት ከራሱ ጋር ይነጻጸራል። ሁለተኛው ስካሩ ካለፈ በኋላ በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት ምን ይቀራል የሚለው ነው። ሦስተኛው ከሳምንታት በኋላም የሚዘልቅ ለውጥ አለ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። በ2001 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ታትሞ የወጣው የፖፕና ባልደረቦቹ ጥናት ለረጅም ዘመን በብዛት ያጨሱ ሰዎችን ካቆሙ በኋላ በዜሮ፣ በ1ኛ፣ በ7ኛና በ28ኛ ቀን ፈተናቸው። የቃላት ዝርዝር በማስታወስ ረገድ እስከ 7ኛው ቀን ከማነጻጸሪያው ቡድን አንሰው ታዩ፤ በ28ኛው ቀን ግን ልዩነቱ ጠፋ። በ2018 ደግሞ ወጣቶች ላይ የተሠሩ 69 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲሰሉ የተገኘው ልዩነት አነስተኛ ነበር፤ ከ72 ሰዓት በላይ ሳያጨሱ የቆዩትን ብቻ ለይተው ሲያዩት ከዚያም ወረደ። ሰዓቱን ያልመዘገበ ጥናት ከእነዚህ ውጤቶች ጎን መቆም አይችልም።

ለምን ማስታወስና ሽልማት

የሁለቱ ርእሶች መገናኛ በነርቭ ሴሎች ላይ ያለው ሲቢ1 የሚባለው ተቀባይ ነው። ቲኤችሲ በ1964 በራፋኤል መሹላምና በየሂኤል ጋኦኒ እስራኤል ውስጥ ሬሆቮት በሚገኘው ቫይዝማን ተቋም ተለይቶ ታወቀ፤ የሠሩበት ሀሺሽ ፖሊስ የወረሰው ነበር። የሚያርፍበት ተቀባይ የታወቀው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1988፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1990 ተቀባዩ በአንጎል ውስጥ የት የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ሲወጣ ሂፖካምፐስ (አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበት ክፍል)፣ የአንጎል ውስጠኛ የእንቅስቃሴ ማዕከላትና ሴረቤለም (ትንሹ አንጎል) በብዛት ይዘውት ተገኙ። ትንፋሽንና ልብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ውስጥ ግን ጥቂት ነው፤ ካናቢስ እንደ ኦፒየም ወገን ዕፆች ትንፋሽ አቁሞ የማይገድለው በዋናነት ለዚህ ነው። በ1992 ሰውነት ራሱ የሚያመርተው አናንዳማይድ ተገኘ፤ ስሙ የተወሰደው «ሐሴት» ከሚል የሳንስክሪት ቃል ነው።

አሠራሩ ከተለመደው ነርቭ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። መልእክት የተቀበለው ሴል አናንዳማይድን ወይም 2-ኤጂ የተባለውን ዘመዱን ወደ ላኪው ይመልሳል፤ ላኪው ጫፍ ላይ ያለው ሲቢ1 «በቃ፣ ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ይቀበላል። ይህ በጥቂት ሴሎች ላይ፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅ የቦታ ሥራ ነው። ቲኤችሲ ሲመጣ ግን በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ፣ ለሰዓታት «ቀንስ» ይላል። ሂፖካምፐስ ውስጥ የሴሎቹ ቁጥር ወይም የመተኮስ መጠን ብዙም ሳይለወጥ አብሮ የመተኮስ ቅንጅታቸው ይፈርሳል፤ አዲስ ነገር የሚቀረጸው በዚያ ቅንጅት ስለሆነ ዋናው ጉዳት በመቅረጽ ላይ ነው። ቀድሞ የተቀረጸውን መልሶ በማውጣት ላይ የሚታየው ጉዳት ያንሳል። በሽልማት መንገዱ (ደስታንና ጉጉትን በሚያስተናግደው የአንጎል መስመር) ደግሞ ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ የሚለቁትን ሴሎች የሚገቱ ነርቮች ራሳቸው በሲቢ1 ይገታሉ፤ ገቺው ሲገታ ዶፓሚን ይወጣል።

በሰው ላይ ያ የዶፓሚን ጭማሪ ትንሽ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል። በ2009 በፔት ምስል (የአንጎልን ኬሚስትሪ በሚያሳይ ማንሻ) በተሠራ ጥናት 8 ሚሊግራም ቲኤችሲ በትንፋሽ የወሰዱ 7 ሰዎች ላይ በስትራየተም (የሽልማት መንገዱ በሚደርስበት የአንጎል ውስጠኛ ክፍል) ታችኛው ክፍል የታየው ለውጥ ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት 10 ሚሊግራም በአፍ የተሰጠበት ሌላ ጥናት ምንም አላገኘም። «ካናቢስ አንጎልን በዶፓሚን ያጥለቀልቃል» ብሎ መግቢያ የሚጽፍ ተማሪ እዚህ ላይ ብዕሩን ይያዝ።

ማንን ትመለምላላችሁ

«ተጠቃሚ» የሚለውን ቃል በቁጥር ፍቱት፦ በሳምንት ስንት ቀን፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ዓመቱ ጀመረ። የቀን መቁጠሪያ ፊት ለፊት አስቀምጦ ያለፉትን 30 ወይም 90 ቀናት ወደ ኋላ እየቆጠሩ መጠየቅ «ብዙ ጊዜ ታጨሳለህ?» ከሚል ጥያቄ ጋር አይወዳደርም። በዓላት፣ ደመወዝ የወጣበት ቀን፣ ሰርግ፣ የጾም መያዣና መፍቻ ካላንደሩ ላይ አስቀድመው ምልክት ይደረግባቸው፤ ሰው ትዝታውን የሚያስርበት ችካል እነዚያ ናቸው። የአጠቃቀም ችግሩን ክብደት ለመለካት 8 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ 12 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ሰው መታወክ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ወደ ዝርዝር ቃለ መጠይቅ ይላካል። መጠን ሲጠየቅ «አንድ ጆይንት» መለኪያ አይደለም። አንዱ ሰው ግራሙን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ሌላው በአንድ ይጠቀልለዋል። በ2021 የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋማት 5 ሚሊግራም ቲኤችሲን እንደ አንድ መደበኛ መለኪያ መቁጠር ጀምረዋል፤ በተቻለ መጠን ወደዚያ ቀይራችሁ መዝግቡ።

ንጽጽሩን ከካናቢስ ይልቅ የሚያጣምሙት አብረውት የሚመጡት ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎች ካናቢሱን ከትምባሆ ቀላቅለው ስለሚያጨሱ ኒኮቲን ራሱ የሽልማት ውጤቱን ይለውጣል፤ አጫሽ ያልሆነ ማነጻጸሪያ ቡድን ብቻ መያዝ ጥናቱን ወደ ትምባሆ ጥናት ይቀይረዋል። ያ ደግሞ በአሠራር ክፍሉ በአንድ መስመር ታልፎ በውጤቱ ክፍል ሲረሳ እናያለን። አልኮል፣ ድብርት፣ እንቅልፍ፣ የትምህርት ደረጃ የታወቁ ናቸው። በእኛ ሰዎች ዘንድ ግን አንድ ሌላ አለ፤ የውጭ መጠይቆች የማይጠይቁት ጫት። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን የሚያስለቅቅ አነቃቂ ነው። የተሳታፊው ቅዳሜ በጫት ተጀምሮ በጨብሲ ካለቀ፣ ሰኞ ጠዋት ስካነር (የአንጎል ምስል ማንሻ) ውስጥ የምታዩት ስትራየተም የካናቢስ ብቻ አይደለም። ስንት ሰዓት እንደቃመ፣ ምርቃናውን በምን እንደሰበረ፣ ከዚያ ስንት ሰዓት እንደተኛ መጠየቅ አለበት። ቡናም ቢሆን ይመዝገብ፤ በፈተናው ቀን ግን አትከልክሉ፣ ለለመደ ሰው ቡና የተከለከለበት ጠዋት የራስ ምታት ጠዋት ነው። የተለመደውን ሲኒ በተለመደው ሰዓት ይጠጣ።

የስም ጉዳይም ቀላል አይደለም። በጽሑፍ አማርኛ አንዳንዴ «ዕፀ ፋርስ» ሲባል ካናቢስ ለማለት ይሆናል፤ በብዙ አካባቢ ግን ዕፀ ፋርስ ማለት አስተናግር ነው፤ ፈጽሞ ሌላ ተክል፣ አሠራሩም ሌላ፣ ማስታወስንም በራሱ መንገድ የሚያውክ። መጠይቁ ላይ «ካናቢስ፣ ሀሺሽ፣ ጋንጃ፣ ዊድ» ብላችሁ ሁሉንም ዘርዝሩ፣ የምትሉት የትኛውን እንደሆነም አስረዱ። «አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «ኧረ በፍጹም።»

ሚስጥር መጠበቅ የጥናቱ ጥራት ጉዳይ ጭምር ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ዕፅ መያዝም መጠቀምም ያስቀጣል። አሜሪካ ውስጥ ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅድም የፌዴራል ሕጉ ካናቢስን ስለሚከለክል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መጠቀሙን ማመኑ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ሊነካበት ይችላል፤ ግሪን ካርድ የሚጠብቅ ተሳታፊ ይህን ከመፈረሙ በፊት በአማርኛ ሊነገረው ይገባል። ስም ያለበት ፋይልና መረጃ ያለበት ፋይል አንድ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጡ። አስተርጓሚው ከተሳታፊው ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር የሚገናኝ ሰው እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው፣ ወሬ ደግሞ ከሽንት ውጤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

አላጨስኩም ማለት አይበቃም

ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በዝግታ ስለሚወጣ በየቀኑ ያጨስ የነበረ ሰው ካቆመ ከ30 ቀን በኋላም ሽንቱ «አለው» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት 50 ናኖግራም በሚሊሊትር ላይ መስመር የሚለየው የተለመደው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ መታቀቡን አያረጋግጥም። እውነተኛ ታቃቢን ውሸታም ያደርጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ትናንት አንድ ጊዜ ያጨሰ ቀላል ተጠቃሚን ያሳልፋል።

የሚሠራው መንገድ በላቦራቶሪ መጠኑን በቁጥር መለካትና ለክሪያቲኒን (ሰውነት ዘወትር በሽንት ለሚያስወጣው ቆሻሻ) ማካፈል ነው። ብዙ ውኃ የጠጣ ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን ቁጥሩ ይወርዳል፤ ክሪያቲኒኑ የውኃውን ያህል ያስተካክለዋል። ክሪያቲኒን ከ20 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ናሙናው ቀጭን ነው፣ ሌላ ውሰዱ። ቢያንስ 24 ሰዓት የተራራቁ ሁለት ናሙናዎችን አነጻጽራችሁ የኋለኛው በፊተኛው ሲካፈል 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሰጠ አዲስ አጠቃቀም እንዳለ ይገመታል፤ 0.5 ላይ መስመር ብታደርጉ ብዙ ትይዛላችሁ፣ ብዙ ንጹሕ ሰውም ትከሳላችሁ። የመጀመሪያውን ናሙና ባቆሙበት ቀን ሳይወስዱ በሁለተኛው ሳምንት መጀመር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። የዛሬውን ወይም የትናንቱን ማጨስ ለመያዝ ደግሞ ምራቅ ከሽንት ይሻላል።

አንድ ወር እንዲታቀቡ ማድረግ ከባድ ቢመስልም ክፍያው በደንብ ከታሰበ ይሆናል። እያንዳንዱ ንጹሕ ጉብኝት ካለፈው ትንሽ ከፍ ያለ ይከፈልበታል፤ ካጨሰ ጭማሪው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በ2018 በወጣ ጥናት ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 88 ወጣቶች በዚህ መንገድ ተይዘው፣ የታቀቡት የቃላት ትምህርታቸው ሲሻሻል ታይቷል፤ መሻሻሉ የተገኘውም በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

የፈተናውን ቀን ስትመርጡ መታቀቡ ራሱ የሚያመጣውን አስቡ። የማቆም ምልክቱ (ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት) በ1ኛው ወይም በ2ኛው ቀን ጀምሮ ከ2ኛው እስከ 6ኛው ባለው ይበረታል። በ3ኛው ቀን የተፈተነ ሰው ማስታወሱ ቢወርድ ቲኤችሲ ነው ወይስ ሦስት ሌሊት ያልተኛ አንጎል? መለየት አትችሉም። የእኛ ምክር ወይ ካጨሰ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው፣ ወይ ከ28 ቀን በኋላ ነው። መካከሉን ጥያቄያችሁ ማቆሙ ራሱ ካልሆነ ተዉት። ፔት ምስልም ይህን ይደግፋል፤ በ2012 በ30 ዕለታዊ አጫሾች ላይ በአንጎል ቅርፊት የሲቢ1 መጠን 20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ታይቶ፣ ከአራት ሳምንት ገደማ መታቀብ በኋላ ቅርፊቱ አገግሟል።

የማስታወስ ፈተና

በዚህ ዘርፍ ካናቢስን በተሻለ የሚይዘው የ15 ቃላት ዝርዝር ፈተና ነው። ፈታኙ ቃላቱን በአንድ ሰከንድ አንድ እያለ ያነባል፤ ተሳታፊው ያስታወሰውን ይላል፤ ይህ አምስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ሌላ 15 ቃል አንድ ጊዜ ይነበባል፣ እሱም ይባላል፤ ወዲያው የመጀመሪያው ዝርዝር ይጠየቃል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጠየቃል፤ በመጨረሻ በ50 ቃላት መካከል የትኞቹ እንደነበሩ ይለያል። በመሃል ባለው ግማሽ ሰዓት የቃል ፈተና አትስጡ፤ ሥዕል መቅዳት ወይም ቁልፍ መጫን ይሁን።

ነጥቡን ጠቅላላ ድምር ብቻ አታድርጉት። ካናቢስ በመቅረጽ ላይ ከጎዳ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ሙከራ ያለው የመማር ዕድገት ይቀንሳል፤ ከ5ኛው እስከ ዘገየው ያለው መርሳት ግን ከሌሎቹ እኩል ሊሆን ይችላል። ያልተባለ ቃል እንደተባለ አድርጎ ማቅረብን ለብቻው ቁጠሩ፤ በተለይ ሰውየው ገና በመረቀነበት ሰዓት ይህ ስህተት ይጨምራል።

አማርኛ ላይ ሲመጣ ዋናው ስህተት የእንግሊዝኛውን ዝርዝር መተርጎም ነው። ተተርጉሞ የመጣ ቃል ርዝመቱም፣ ተዘውታሪነቱም ሌላ ነው። ዝርዝሩን ከባዶ ሥሩ፦ ሲጠሩ ሁለትና ሦስት ቀለም (ሲላብል) ያላቸው፣ ሁሉም የሚያውቃቸው፣ በዓይን የሚታዩ ነገሮች። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት («ጸሐፊ» እና «ጽሕፈት») አንዱ ሌላውን ይጠራልና አንድ ላይ አይግቡ። ቤት የሚመቱም አይግቡ። «ምጣድ፣ ሰፌድ፣ ሊጥ» አብረው ካሉ ተሳታፊው ሦስቱን በአንድ እንጀራ ያስታውሳል፤ ያ ማስታወስ ሳይሆን ማሰባሰብ ነው። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በእስራኤሏ ሬሆቮት ላደጉ ልጆች «ሞፈር» እና «ዝናር» ያልሰሙት ቃል ስለሆነ የካናቢስን ሳይሆን የገጠርን ዕውቀት ትለካላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት እኩል የሚከብዱ ዝርዝሮች ያስፈልጋሉ፤ እኩልነታቸው በጥናቱ በማይሳተፉ ከ20 እስከ 30 ሰዎች ይሞከር። ዝርዝር ሀ ሁልጊዜ በፊት፣ ዝርዝር ለ ሁልጊዜ በኋላ ከሆነ «ተሻሻለ» የሚለው ግኝት የዝርዝሩ ቅለት ሊሆን ይችላል። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ተሳታፊ ትምህርቱን በተማረበት ቋንቋ ይፈተን፤ ከቤት የመጣ አማርኛና ትምህርት ቤት የተማሩት አማርኛ እኩል አይደሉም።

የሽልማት ፈተና

ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ገንዘብ የሚያስገኘውን የመዘግየት ፈተና ነው። ስክሪን ላይ ለ250 ሚሊሰከንድ ምልክት ይታያል፦ ክብ ማለት ታተርፋለህ፣ አራት ማዕዘን ማለት ታጣለህ፣ ሦስት ማዕዘን ማለት ምንም የለም። ከዚያ ከ2 እስከ 2.5 ሰከንድ መጠበቅ። ከዚያ ዒላማው ከ160 እስከ 260 ሚሊሰከንድ ብልጭ ይልና ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ምን እንዳገኘ ይነገረዋል። የዒላማው ርዝመት እንደ ሰውየው ፍጥነት እየተስተካከለ ሁሉም ሰው በ66 በመቶ ገደማ እንዲያሸንፍ ይደረጋል። ይህን ማስተካከያ ያጠፋ ጥናት አይተናል፤ ቀርፋፋዎቹ ብዙ ተሸነፉ፣ ከዚያም «ተጠቃሚዎች ለሽልማት ደንታ የላቸውም» ተብሎ ተጻፈ። የተሸነፉት በፍጥነት ነው እንጂ በደንታ አይደለም። ስለዚህ ስካነር ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይለማመዱ፤ መነሻ ፍጥነታቸውም ከዚያ ይወሰድ።

ገንዘቡ የእውነት ይሁን፣ ሲወጡም ወዲያው ይከፈል። «በምናባችሁ 50 ብር አሸንፋችኋል» የሚለው ኒውክለስ አኩምበንስን (በስትራየተም ታችኛው ክፍል ያለውን የሽልማት ማዕከል) ያን ያህል አያነሳሳውም። መጠኑም ለሰውየው ትርጉም ያለው ይሁን፤ ለአንዱ የቀን ወጪ የሆነው ለሌላው የታክሲ መልስ ነው።

መጠበቅና መቀበል ሁለት ነገር ናቸውና ለየብቻ ይተንተኑ። ኒውክለስ አኩምበንስ ትንሽ ስለሆነና አፍንጫ አጠገብ ካለው ክፍተት የተነሳ ሲግናል በሚጠፋበት አካባቢ ስላለ፣ ከ3 ሚሊሜትር ያልበለጠ ቮክሰል (የምስሉ ትንሿ ኩብ)፣ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ቁጥጥርና ቦታውን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ውጤቱን አይቶ «እዚህ ጋ ነው» ማለት አይቻልም። ቲኤችሲ ለተሰጠበት ቀን ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፤ ኤምአርአይ የአንጎልን ሥራ የሚለካው በደም ፍሰት በኩል ነው፣ ቲኤችሲ ራሱ የደም ፍሰትን ይለውጣል። ሽልማት የሌለበት ቀላል የዓይንና የጣት ሥራ ጨምሩ፤ ልዩነት በእሱም ላይ ከታየ የሽልማት ሳይሆን የደም ሥር ጉዳይ ነው።

ውጤቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም። በ2016 በሚሺጋን 108 ወጣቶችን ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ የካናቢስ አጠቃቀም በኋላ ከሚቀንስ የሽልማት ጉጉት ምላሽ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በ2022 እንግሊዝ ውስጥ በታዳጊዎችና በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ደግሞ በተጠቃሚዎችና በማነጻጸሪያው መካከል ልዩነት አላገኘም። እኛ የምናምነው ልዩነቱ አጠቃቀሙ ምን ያህል እንደሆነና ትምባሆው እንዴት እንደተያዘ ላይ ነው፤ ግን ይህ እምነት ነው፣ ለመግቢያ ክፍል አይበቃም።

ቲኤችሲ ሲሰጥ

በማትነኛ (ዕፁን ሳያቃጥል አሙቆ በሚያተን መሣሪያ) ይሰጣል፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች 210 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያደርጉትና እንፋሎቱን በከረጢት ይሰበስባሉ። 8 ሚሊግራም አካባቢ ቲኤችሲ ለጤነኛ አልፎ አልፎ ተጠቃሚ በግልጽ ይሰማል። አሳሳቡ በሰዓት ይቆጠር፦ መሳብ፣ 8 ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እስከሚያልቅ። በራሱ ፍላጎት እንዲስብ የተተወ ልምድ ያለው ተጠቃሚ የሚፈልገውን ያህል ወስዶ ያቆማል፤ ያኔ ዶዙን የወሰነው እሱ ነው። ደም ውስጥ በደቂቃዎች ከፍ ብሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ስሜቱ ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ በደም ያለው ቁጥርና የማስታወስ ጉድለቱ በአንድ ጊዜ አይወጡም አይወርዱም፤ «ደሙ ንጹሕ ነው፣ መፈተን ይቻላል» አይባልም። በአፍ ከተሰጠ ከፍታው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ስለሚፈጅ ፈተናዎቹን በዚያ ልክ አዘግዩ። በሁለቱ የፈተና ቀናት መካከል ቢያንስ 7 ቀን ይኑር።

ማስመሰያው የካናቢስ ሽታ ቢኖረውም ተሳታፊው አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። ይህን መደበቅ ስለማይቻል ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ «የትኛውን የወሰድህ ይመስልሃል?» ብላችሁ መዝግቡ፤ ግምቱም በትንተናው ይግባ።

የልብ ምት በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ሊጨምር ስለሚችል የልብ ሕመም ያለበትን፣ እሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚለይ የአእምሮ ሕመም) ያለበትን፣ ነፍሰ ጡርንና ጭራሽ ሞክሮ የማያውቅን አታስገቡ። ፍርሃት የያዘው ሰው ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከአንድ ከሚያምነው ሰው ጋር ይቀመጥ፤ ደጋግሞ «ይህ ያልፋል፣ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» ማለት ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። ያን ቀን መኪና አይነዳም፤ የሚወስደው ሰው በር ላይ ይረከበዋል።

በእንስሳት ላይ

እዚህ ብዙዎች የሚሰናከሉት በኬሚስትሪው ነው። ቲኤችሲ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ በኢታኖል የመጣው ስብንና ውኃን ከሚያዋህድ ዘይት ጋር ተዋህዶ በጨው ውኃ ይቀጥናል፣ የተለመደው ልክ 1፡1፡18 ነው። ጨው ውኃውን በአንድ ጊዜ ከደፋችሁት ይቋጥራል፤ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት። ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ ብርጭቆ ዕቃ ተጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያደረ ድብልቅ መለያው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ዶዝ ይዟል። ከብርሃን ሰውሩት፣ በዕለቱ አዘጋጁ።

ዶዙ ሁለት ፊት አለው። አይጥ አንድ ክፍልን ከቲኤችሲ ጋር እንድታያይዝ በሚደረግበት ፈተና 5 ሚሊግራም በኪሎግራም የተሰጣት አይጥ ክፍሉን ትሸሻለች፤ 1 ሚሊግራም የተሰጣት፣ በተለይ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ቀምሳው ከሆነ፣ ትወደዋለች። የመጀመሪያው ዶዝ የሚያስደነግጥ ስለሆነ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ቲኤችሲ አያስደስትም» ብሎ ይጽፋል። አይጦች ራሳቸው ቁልፍ ተጭነው ቲኤችሲ እንዲወስዱ ማድረግ ለረጅም ጊዜ አልተሳካም፤ በግልጽ የሠራው በ2000 በጦጣዎች ላይ፣ በጣም ትንሽ ዶዝ ነበር። ማስታወስን በሚፈትን ማዝ (ብዙ መታጠፊያ ያለው መተላለፊያ) ውስጥ ደግሞ 10 ሚሊግራም የወሰደች አይጥ ከመርሳቷ በፊት መራመድ ታቆማለች። የእንቅስቃሴዋን ፍጥነትና የሰውነቷን ሙቀት ሳትመዘግቡ «ረሳች» አትበሉ። ውጤቱ በሲቢ1 በኩል መሆኑን ለማረጋገጥ ተቀባዩን የሚዘጋ ሪሞናባንት ቀድሞ ይሰጥ፤ ጉድለቱ መጥፋት አለበት። ሪሞናባንት በነገራችን ላይ አውሮፓ ውስጥ በ2006 ለውፍረት ተፈቅዶ ድብርት በማስከተሉ በ2008 ከገበያ የተነሳ ነው፤ የሽልማት ሥርዓቱን ማገድ ምን እንደሚያመጣ ከአይጥ ይልቅ ያ ታሪክ ያስተምራል።

ሲጠቀለል ተሳታፊው «ታዲያ አንጎሌ ተጎድቷል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በኒውዚላንድ ዱኔዲን 1,037 ሕፃናትን ከልደት የተከታተለው ጥናት በ2012 በታዳጊነት ጀምረው በቀጠሉት ላይ የአይኪው መውረድ አሳየ፤ በ2016 የወጣ የመንትዮች ጥናት ደግሞ የሚያጨሰውና የማያጨሰው መንትያ እኩል ሆነው አገኛቸው። ባለሙያዎች ያልጨረሱትን ክርክር በአንድ ሰው የፈተና ወረቀት ላይ መጨረስ አይቻልም። «የዛሬው ውጤትዎ ዛሬ እንዴት እንደተኙና መቼ እንዳጨሱ ጭምር የሚያሳይ ነው፤ የሕክምና ምርመራ አይደለም» ብላችሁ ንገሩት፣ ማቆም ከፈለገም የት መሄድ እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት በአማርኛ ስጡት።